ከምላሴ አልወርድ ያለው ስብ

ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ቀይ መብራት ባለባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ለመጉመጥመጫ የተሰጠኝን ውኃ ስጎነጭ ውኃው ውስጥ ስብ ነበረ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው የማይሰማውን ነገር እየሰማ ወይም የማይቀምሰውን እየቀመሰ፣ ለማንም መናገር ፈርቶ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። በተፈጥሮዬ ዓይን አፋር ነኝ፤ ከመናገር መታመም ይቀለኛል።

የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው። የምሠራው የምግብ ዘይት መርምሮ በሚያሽግ ድርጅት ውስጥ ነበር። ማንንም ሳላይ፣ ማንም ሳያየኝ መቅመስ ብቻ ስለሆነ ሥራው ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ። ክፍሏ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። መብራቷ ቀይ የሆነው የምንቀምሰውን ነገር በመልኩ እንዳንለየው ነው። ሽታ እንዳይረዳን ደግሞ አፍንጫችንን በመቆንጠጫ እንይዛለን። ከፊት ለፊት ባለች ትንሽ መስኮት፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ሦስት ኩባያ ያስገባል፤ ስቡ የወጣለት ወተት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ግን እጅግ ጥቂት ስብ ተቀላቅሎበታል። የትኛው እንደሆነ መናገር ነው ሥራው። እንቀምሳለን፣ እንተፋለን፣ እንጉመጠመጣለን፤ መስኮቷ እንደገና ትከፈታለች። የማን እጅ እንደሆነ አይነገረንም።

ብዙ ሰው ስብ የሚታወቀው በልስላሴውና በሽታው ብቻ ይመስለዋል። ምላስ ግን ጨውንና ስኳርን እንደሚለይ ሁሉ ስብንም መለየት ይችላል፤ ደጋግመው ሲያለማምዱት ደግሞ ይሳላል። አለቃችን ሰናይት ይህን ስለምታውቅ በየቀኑ ታለማምደን ነበር። የባልደረቦቼ ችሎታ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእኔ አልቆመም። ስቡን በቀነሱት ቁጥር አገኘዋለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ነሽ ማሽን?" ትለኝ ነበር ሰናይት።

ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልናገር፤ ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ንጹሕ ስብ ቅቤ ቅቤ አይልም። የምንወደው የቅቤው ሽታ ነው። ሽታው ሲቀር ምላስ ላይ የሚተርፈው ለብ ያለ፣ ሰው ሰው የሚል ነገር ነው። ሰው ተኝቶበት የተነሣ ትራስ ቢቀመስ እንደዚያ የሚል ይመስለኛል።

ያን ማክሰኞ መስኮቷን አንኳኳሁና "ውኃው ተበላሽቷል" አልኩ። እጁ ኩባያውን ወስዶ ሌላ አመጣ። ያም ያው ነው። ሰናይት ራሷ መጣች፤ ከኩባያዬ ጠጣች፤ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማሂ፣ ውኃ እኮ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቡ ከክፍሏ ተከትሎኝ ወጣ። ታክሲ ውስጥ አፌን ዘግቼ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምሳውን ምን እንደበላ ምላሴ ይነግረኝ ጀመር። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስወርድ ከንፈሬን በሶፍት እጠርጋለሁ፤ ሶፍቱ ደረቅ ነው። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ነፋስ ሲነሣ አፌን በሻርፕ እሸፍናለሁ። በጣም ያስፈራኝ የነበረው ጠዋት ነው። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ አፌ ውስጥ የሆነ ሰው ሲያድር የቆየ ይመስለኛል። ምላሴን ጥርሴ ላይ እያሸሁ፣ ይህ የእኔ ምላስ ነው ወይስ የሌላ ሰው እያልኩ ጣሪያውን አያለሁ።

ምግብ እየተጠየፍኩ ስሄድና ስተፋ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በራችን ላይ ቆማ፣ እኔ ውስጥ እንደምሰማት እያወቀች "እሰይ፣ አያት ልትሆኚ ነው መሰለኝ" አለቻት እናቴን። እማዬ አልሳቀችም። ማታ ሳህን እያጠብን ሳለ ቀና ሳትል፣ "ልጄ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አለችኝ። የለም አልኩ። እውነትም አልነበረም። ግን ያን ጊዜ ፊቴ የቀላውን ያህል ቀልቶ አያውቅም።

በሰፈራችን ክሊኒክ መጀመሪያ የመረመሩኝም እሱኑ ነው። እርግዝና አለመሆኑ ሲታወቅ "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ስቡ አልሄደም። ሁለተኛው ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው አለ። ያኛው ኪኒን አፌን ብረት ብረት ያሰኘው ነበር፤ ለጥቂት ቀን ደስ አለኝ፣ ቢያንስ ሌላ ጣዕም ነው። ከብረቱ ሥር ግን ስቡ እንዳለ ነበር። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድም ሄድኩ፤ አፍንጫዬንም ጉሮሮዬንም በመብራት አይቶ "ምንም የለብሽም" አለኝ። ወጪውን የሚሸፍነው ታላቅ ወንድሜ ናትናኤል ነበር፤ ሞባይል ይጠግናል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ሦስታችን ነን። ናቲ ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም፤ ቀልዱ ግን አይቋረጥም። "ሌላ ሰው ሥጋ አጥቶ ያለቅሳል፣ ያንቺ ምላስ በነጻ ይበላል" ይለኝ ነበር።

ከእነዚያ መጠበቂያ ወንበሮች ሁሉ የማስታውሰው አንዱን ነው። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ከግድግዳው ጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ እኔ ሶፍት ውስጥ እተፋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ምንም ሳይጠይቁኝ ከቦርሳቸው ግማሽ ሎሚ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። መጠጥኩት። ለአንዲት ደቂቃ አፌ ባዶ ሆነ። እንባዬ መጣ። እሳቸው ቴሌቪዥኑን እያዩ፣ "እኔም እንዲህ ያደርገኝ ነበር፤ ያልፋል" አሉኝ። ምን ያደርጋቸው እንደነበር አልጠየቅኩም። ወዲያው ስማቸው ተጠራ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተስፋ የማደርገው ዐቢይ ጾምን ነበር። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ በዐቢይ ጾም እንኳን ቅቤ ዘይትም ቤታችን አይገባም። ሽሮው በውኃና በጨው ነው። ጾም ሲገባ አፌም አብሮ ያርፋል ብዬ ቀኑን እንደ ልጅ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ቀረበልን። ጎረስኩ።

ስቡ ውስጡ ነበር። ከየትኛውም ቀን በላይ ነበር።

"እማዬ፣ ዘይት ነክቶታል?"

"ምን አልሽ?" እጇ መሶቡ ላይ ቀረ።

"ስብ ስብ..."

"በስመ አብ! በኩዳዴ? እኔ?"

ናቲ ቀምሶ "ኧረ ደረቅ ነው፣ እንዲያውም ጨው አንሶታል" አለ። በማግስቱም ያው ሆነ፤ በሳልስቱም። እንጀራው ንጹሕ ነው። ቆሎው ንጹሕ ነው። ስቡ የሚመጣው እናቴ ከሠራችው ወጥ ብቻ ነው። ይህ ነገር ከሁሉም ይልቅ አስፈራኝ፤ በሽታዬ እናቴን የመረጠ መሰለኝ።

አንድ ቀን ማንም በሌለበት ማዕድ ቤት ገባሁ። እናቴ መንታ የሆኑ ሁለት የሸክላ ድስቶች አሏት፤ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሴትዮ የገዛቻቸው። አንደኛው የፍስክ ነው፤ ዓመት ሙሉ ቅቤ ሲጠጣ የኖረ። ሌላው የጾም ነው። የጾሙን የምትለየው እጀታው በተሸረፈ ክዳኑ ነው። ጾም ሲገባ የፍስኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ይቀመጣል። የጾሙን ድስት አነሣሁና ፊቴን ውስጡ አስገብቼ ወለሉን ላስኩት። ደረቅ ነው፣ ታጥቧል። ጥቂት ቆየሁ፤ ምራቄ ሸክላውን ሲያርሰው ስቡ ከውስጥ ቀስ ብሎ መጣ። ወንበር ላይ ወጥቼ በፌስታል የተጠቀለለውን አወረድኩ። እሱንም ላስኩ። ጭር ያለ ነው። አፈር ብቻ።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ልጇ ፊቷን ድስት ውስጥ ከትታ ስትልስ ነው ያየችው። አልጮኸችም። ወደ ኋላዋ ሄደችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

"ምን እንደያዘሽ አላውቅም" አለችኝ ተከትያት ስወጣ። "ነገ ጸበል እንሄዳለን።"

ሄድን። በጀሪካን የተቀዳውን ጸበል በኩባያ ሰጡኝ፤ እኔም በእምነት ጎነጨሁ። የብዙዎቻችን ጀሪካን መጀመሪያ የዘይት እንደነበረ አስቡ። አፌ ውስጥ እንደገባ አንገሸገሸኝና መለስኩት። ዙሪያዬ ያሉት "ያዘው! ያዘው! ሊናገር ነው!" ማለት ጀመሩ። አንዲት ሴት ትከሻዬን ጨብጣ "ማነህ? ተናገር!" ትለኛለች። እኔ ሰው ፊት ስሜን ለመናገር የምፈራ ልጅ ነኝ። ሁሉም ከአፌ የሌላ ሰው ድምፅ እንዲወጣ እየጠበቁ ነበር። በጣም የማፍርበት ነገር ቢኖር፣ እኔም አብሬያቸው መጠበቄ ነው።

ናቲ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቀረ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘልኝ። እናቴ "ልጄን እብድ ልታስብላት ነው" ብላ አኮረፈችው፤ በዚያ ሰሞን ከእሱ ጋር ማዕድ አልቀረበችም።

ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። አእምሮ የሌለ ድምፅ እንደሚሰማ ሁሉ የሌለ ጣዕምም ሊቀምስ እንደሚችል፣ አንዳንዴም መነሻው አንጎል ውስጥ የሚፈጠር ትንሽ ንዝረት እንደሆነ አስረዱኝ። ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ እየተለጣጠፈ ተመረመርኩ። ውጤቱ ደህና ነበር። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

ስለ ቀይዋ ክፍል ነገርኳቸው። ብዙ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል" አሉ። "ወይ የሌለውን ትቀምሻለሽ፤ ያኔ መድኃኒት እንጀምራለን። ወይ እኛ የማንቀምሰውን ያለውን ነገር ትቀምሻለሽ፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ ዕረፍት ነው። ምላስሽ በልምምድ ተስሏል፤ ልምምዱን ካቆምሽ ይደበዝዛል። በየቀኑ 'አለ? የለም?' እያልሽ የምትፈትሺ ከሆነ ግን አይለቅሽም። አንድ ጊዜ በደንብ አጣሪና ከዚያ በኋላ ተይው። እንዴት እንደሚጣራ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ወደ ቤት ስመለስ የትኛው እንዲሆን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ተሳስቼ ከሆነ አእምሮዬ ታሟል። ልክ ከሆንኩ ደግሞ እናቴ ሳታውቅ ጾሟን ስትገድፍ ነው የሰነበተችው። እግዜር ያውቃል፣ መታመሜን የመረጥኩበት ሰዓት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት እማዬ ቅዳሴ ሄደች። ናቲ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አዲስ የብረት ድስት ገዝቶ ነበር። ሽሮ በሁለት ድስት ሠራ፤ አንዱን በአዲሱ፣ አንዱን በእናቴ የጾም ድስት። እኩል ውኃ፣ እኩል ጨው።

"ጓጎለ እኮ!" እላለሁ ከሳሎን።

"ዝም በይ፣ ሳይንስ ላይ ነኝ" ይላል።

በልብስ መቆንጠጫ አፍንጫዬን ያዝኩ፤ ዓይኔን በሻርፕ አሰርኩ። ናቲ ሦስት ሳህን ያቀርባል፤ ሁለቱ ከአንድ ድስት፣ አንዱ ከሌላው። ሲያቀርብልኝ እንዳይናገር ነግሬዋለሁ። ሳህን ጠረጴዛውን ሲነካ ብቻ ይሰማኛል።

"መሐለኛው" አልኩ።

ሳህኖቹ ተነሡ፤ እንደገና ተቀመጡ። "የመጀመሪያው።" እንደገና። "መሐለኛው።" መጀመሪያ ላይ ሳቁን ሲያፍን እሰማው ነበር። ኋላ ላይ መተንፈሱም አልሰማ አለኝ።

"ናቲ? አለህ?"

ሻርፑን አወረድኩ። ወንድሜ እዚያው ቆሟል፤ እንደማያውቃት ሴት እያየኝ ነው።

"አንድም አልሳትሽም" አለ።

በዚህ መሐል እናቴ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሳህኖች አየች፤ ድስቶቹን አየች። ናቲ ነገራት። ስሕተቱ የት እንደተፈጠረም ስናስብ ደረስንበት፤ ጾም ከመግባቱ በፊት እኛ ቤት ማኅበር ነበር፤ ዕቃውን ተሰብስበው ያጠቡልን ጎረቤቶች ናቸው። የተሸረፈውን ክዳን በስሕተት በፍስኩ ድስት ላይ ገጥመውታል። እማዬም እንደ ልማዷ ክዳኑን አይታ የተሳሳተውን ድስት ጾም አስገባችው። ሸክላ የጠጣውን ቅቤ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ በተጣደ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይሰጣል።

እልል ትላለች፣ አቅፋኝ "ልጄ ደህና ናት" ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለንስሐ አባቷ ደወለች፤ ሳያውቁ የተደረገ ነው፣ አይጨነቁ እንዳሏት ድምፃቸው ከስልኩ ይሰማኝ ነበር። ዘጋችው። ተነሥታ ማዕድ ቤት ገባች፤ ማማሰያውን ይዛ ተመለሰች።

"ይኼስ?"

ቀመስኩ። "አለ።"

የጨው ዕቃውን አመጣች። "ይኼስ?" "የለም።" የሽሮውን ቆርቆሮ፣ ጭልፋውን፣ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ፣ የራሷን የውኃ ኩባያ። አንዱን ስመልስ ሌላው ፊቴ ላይ ነው። መሽቶ መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ፊቷ አይታየኝም፤ የሚታየኝ የምትዘረጋው እጅ ነው። ናቲ "እማዬ፣ ሐኪሙ እንድታርፍ ብሏታል" ቢላት አልሰማችውም። በመጨረሻ የምታመጣው ዕቃ አለቀ። ባዶ እጇን ዘረጋችልኝ።

"እጄስ?"

የእናቴን ጣት ቀመስኩ።

"ይሄ ያንቺው ነው፣ እማዬ" አልኳት። "የሰው ነው።"

ዛሬ ደህና ነኝ። ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ አሁን የማስተምረው የምግብ ንጽሕና ነው፤ ክፍሉ መስኮት የበዛበት ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ዶሮ ወጥ በልቼ፣ ቅቤም ወርዶልኝ፣ ምላሴ ቀስ በቀስ ደነዘዘ። መዳን ማለት ለእኔ እንደ ሰው መደንዘዝ ነው። ታክሲ ውስጥ የቀመስኩት እውነት ይሁን አይሁን ግን እስካሁን አላውቅም፤ አላጣራሁም፤ አላጣራምም። ለምታነቡት የምለው ይህን ነው፦ ሐኪም ሳይጠይቃችሁም ሥራችሁን ንገሩት። የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። የሚያምናችሁ አንድ ሰው ፈልጉ፤ እኔ ናቲ ነበረኝ።

ግን የዳንኩት በፋሲካ አይደለም። ያን ረቡዕ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩ ገባኝ፤ ከአንዷ መስኮት ወጥቼ ሌላ መስኮት ፊት ተቀምጫለሁ፤ የአሁኗ ደግሞ የእናቴ ናት። ነገም ታመጣለች። ከነገ ወዲያም። እኔም እምቢ ማለት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሣሁ። አዲሱን የብረት ድስት ጥጄ፣ ሽሮውን በውኃ በጥብጬ፣ ጨውን በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ። የሚጾም ሰው ወጥ ሲሠራ እየቀመሰ አይሠራም፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ለቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ስትል ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ድስቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ማንኪያ አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋች።

"ቀመስሽው?"

"አልቀመስኩም" አልኳት፣ ማንኪያውን ሳልቀበል። "ጾም ነው፣ እማዬ።"